አትምጪ ይሻለኛል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «እትዬ ነጥብ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ያወጣላት አንድ የማሽን ሠራተኛ ነበር፤ ለቀልድ ያህል። ቀልዱ ሰነበተና ስም ሆነ። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ እንኳ «እትዬ ነጥብ ገብተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳይስቅ መመለስ ጀመረ።

ሥራዋ አራሚነት ነው። ክፍሏ ከማሽኖቹ አዳራሽ በላይ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ መስኮት ብቻ የያዘች ጠባብ ክፍል ነች። ከታች ትልቁ ማሽን ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ክብ ይሠራል፤ ቀዩ እስክሪብቶ ሳይነኩት ወደ ጠረጴዛው ዳር ይንከባለላል። እዚያ ተቀምጣ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ አረመች።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው አንባቢው ነው። በዕድሜ የሚበልጣት፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሰው ነው። እሱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ፊደሉ ለኅትመት የተለቀመበትን ወረቀት በማስመሪያ እየተከተለች ታያለች። ምልክቱም ከቃሉ ጋር ይነበባል፤ «ሰውየው ከቤቱ ወጣ ነጠላ ሰረዝ ዣንጥላውን ግን ረሳ አራት ነጥብ» እያለ። ልማድ ሆኖበት ቤቱም ገብቶ «ምሳ ደረሰ ጥያቄ ምልክት» ይላል፣ ሚስቱም «አልደረሰም ቃለ አጋኖ» ብላ ትመልስለታለች እየተባለ ይቀለድበታል።

በነጥብ ጉዳይ ማተሚያ ቤቱ ስምምነት የለውም። አንባቢው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ካልገባ ጽሑፍ አይደለም ባይ ነው፤ «ባዶ ቦታ ምልክት ነው እንዴ? ባዶ ምንጊዜም ባዶ ነው» ይላል። ኃላፊው ደግሞ ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ ሁለት ነጥብ እኮ ጡረታ ከወጣ ቆየ» ይለዋል። ነጠላ ሰረዝ ከ«ግን» በፊት ይግባ ወይስ በኋላ በሚለው ብቻ ሁለቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ያውቃሉ። እሷ በሁለት ነጥቡ ብዙም አትከራከርም። የእሷ ነገር መጨረሻው ላይ ነው። «ዐረፍተ ነገር የተባለው ስለሚያርፍ ነው፤ ካላረፈ ምኑን ዐረፍተ ነገር ሆነ?» ትላለች። አራት ነጥብ የጎደለው ጽሑፍ ስታይ፣ ልብሱ ሳይቆለፍለት ውጭ የወጣ ሕፃን ያየች ያህል እጇ ወደዚያ ይሄዳል።

ሕፃን ማሳደጉንም ታውቅበታለች። ወንድሟ በአሥር ዓመት ያንሳታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ዘበኛ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲጠብቅ የራሱን ሳይሠራ፣ ግቢ በር ላይ በተሰጠችው አንዲት ክፍል ልጆቹን ይዞ ኖረ። ቀን ቀን ስለሚተኛ ልጁን ማጠብ፣ ማብላት፣ ትምህርት ቤት ማድረስ የእሷ ድርሻ ሆነ። ትምህርቷን አቋርጣ ማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል ገባች፤ ወረቀት ታጥፋለች፣ ገጽ ትደረድራለች፣ ሙጫ ትቀባለች። አንድ ቀን ከምታጥፈው ወረቀት አንዱን ይዛ ፎቁን ወጣችና፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ዐረፍተ ነገር አላለቀም» አለች። የዚያን ጊዜው አራሚ ወረቀቱን አየ፤ ሮጦ ወርዶ ማሽኑን አስቆመ። ከወር በኋላ ሙጫውን ትታ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

ልጁን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ «ፊደል ቆጠርክ?» ብትለው፣ «ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ አንድም አልጎደለም» አላት። ልትቆጣ አስባ ሳቀች። መሳቋን አየና ከዚያ ወዲያ ቃል መጫወቻው ሆነ። የምትናገረውን ሁሉ ገልብጦ ይመልስላታል፤ እሷም ሳቋን እየዋጠች «አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች። «ተቀምጬ ነው የማርፈው ወይስ አርፌ ነው የምቀመጠው?» ይላል። በዚያ ዘመን አንድ የጥረዛ ክፍል ሠራተኛ ለትዳር ጠይቋት ነበር፤ «ልጁ ነፍስ ይወቅ» ብላ አቆየችው። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ሰውየው ሌላ አግብቶ ነበር። ለማንም አላወራችም።

ወንድሟ ካደገ በኋላ ታፔላ ጻፊ ሆነ። እጁ ልዩ ነበር፤ ግን ሰው የሚፈልገው ለእጁ ብቻ አልነበረም። ፀጉር ቆራጩ ስሙን ብቻ እንዲጽፍለት ቢጠይቀው፣ ከስሙ ሥር «እዚህ ቤት ፀጉር እንጂ ተስፋ አይቆረጥም» ብሎ ጨመረበት። ለአንድ ማስጠኛ ቤት በሩ ላይ «ያልገባው ይግባ» ብሎ ጻፈለት። መንገደኛ ቆሞ ያነባል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ መለስ ብሎ ያያል፣ ይስቃል።

እሑድ እሑድ አብረው ሲሄዱ እሷ ጣቷን ወደ ታፔላው ቀስራ «አራት ነጥቡስ?» ትለዋለች።

«እቴ፣ ነጥብ ካደረግሁበት ሰው አንብቦ ይሄዳል። ካላደረግሁበት ቆም ይላል።»

«ሰነፍ ጸሐፊ የሚለው ነው።»

«ሰነፍ አራሚስ ምን ይላል?»

«ሰነፍ አራሚ የለም።»

እንዲህ እየተባባሉ ቤታቸው ይደርሳሉ። አባታቸውም ከሞተ በኋላ ሁለቱ ሁለት ክፍል ተከራይተው አብረው ነበር የሚኖሩት። እሱም አላገባም፤ ለምን ሲሉት «ነጥብ መተው እንኳ ያልፈቀደችልኝ እቴ ሚስት ትፈቅድልኛለች?» ይል ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር የሚያጠራቅመው ነገር ነበረው። ሁለት ሁለት ትርጉም ያላቸው አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ አንዳንዱ የሚያስቅ፣ አንዳንዱ የሚያሳዝን። ኃላፊውን ለምና፣ በሥራ መሃል ማሽኑ ክፍት ሲሆን ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ እንዲታተምለት አስፈቀደች። ወንድሟ ሦስቱን ደብተር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። «እንዳለ ይሁን እቴ» አላት።

ሦስት ሳምንት ሠራችበት። በደብተሩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጥብ አልነበረም። የፊደል ለቀማው ካለቀ በኋላ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። «አባቴ ቤት አልሠራም ሰው ሠራ» የሚል መስመር ነበር። አባታቸውን አሰበች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «አባቴ» ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አስገባች፣ «አልሠራም» ካለው በኋላ ድርብ ሰረዝ፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ። «ብቻዬን አይደለሁም ያለ ሰው ነኝ» የሚለውን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ከበበቻቸው። መቶ አርባ ገጽ እንዲህ ተደረገ።

አንባቢው ወረቀቱን አገላብጦ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ልጅ ነጥብ ያላስቀመጠው ሳያውቅ ይመስልሻል?»

«መጽሐፍ ነው ጋሼ፣ ታፔላ አይደለም። እንዲሁ ቢወጣ ‹ያልተማረ ነው› ብለው ይስቁበታል።»

«ይሳቁበት። ለመሳቅ አይደል የጻፈው?»

«በእሱ ግን አይስቁም» አለች፤ ወረቀቱንም ወደ ታች ላከችው።

መጽሐፉ ተጠርዞ ሲወጣ ወንድሟን አስጠርታ እዚያው ጥረዛ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ ሰጠችው። ሠራተኞቹ ከበውት ቆሙ። ሽፋኑን በመዳፉ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ከፈተው። አንድ ገጽ አነበበ። ሌላ ገለጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው እንዳለ ደረቀ።

«እቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥርዓተ ነጥብ ነዋ።»

«‹አባቴ ቤት አልሠራም› የሚለው ሁለት ነበር። ባንዱ አባታችን ቤት ሳይሠራ ሰው ሠራ። በሌላው እኔ አባቴ ቤት ውስጥ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፣ ሌላ ሰው ሠራልኝ። አንቺን ነበር ያልኩት። አሁን አንዱ ብቻ ቀረ። ሌላውን ገደልሽው።»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያሳፈራትም ይኸው ነው። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሦስት ሳምንት የደከመችበት፣ ዓይኗ እስኪቀላ ያነበበችው፣ ሰው ፊት ገደልሽው ተባለባት። ያሰበችውን ሳይሆን የመጣላትን ተናገረች።

«ሁለተኛው ትርጉም ከጠፋብህ እኔ ልንገርህ። አባትህ ቤት አልሠራህም። አጥቤ፣ አብልቼ፣ ዕድሜዬን ሰጥቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይሄን ለማለት ደግሞ ቅኔ አያስፈልገኝም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንድሟ መጽሐፉን ዘግቶ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ልክ ነሽ» አለ፤ ወጣ። በሳምንቱ ብሩሾቹንና የቀለም ቆርቆሮዎቹን ጭኖ በአውቶብስ አንድ ሙሉ ቀን ወደሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሄደ። ቁልፉን ለጎረቤት ትቶላት ነበር። የመጽሐፉ ካርቶኖች ደረጃው ሥር ተደርድረው ቀሩ።

አራት ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። እሷ በመጀመሪያው ዓመት ረጅም ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ስድስት ገጽ። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ግን አምስተኛው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያለው፤ እሱም «ሆኖም» ተከትሎት። መልስ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የምትሰማው መጻሕፍት ከሚያመላልሰው የማተሚያ ቤቱ ሾፌር ነው። «እትዬ፣ ያንን ከተማ ወንድምዎ ጻፈበት እኮ፤ ወዴትም ቢዞሩ የእሱ እጅ ነው» ይላታል። እሷ «ደህና ነው?» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትጠይቅም።

በአራተኛው ዓመት ሾፌሩ ሲመለስ ሳቁን ትቶ መጣ። ወንድሟ ደረቱን ታሟል፤ ቀለሙ ነው ይላሉ፤ መሰላል ላይ መውጣት ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከስቷል። የዚያኑ ዕለት በስልኳ ጻፈችለት፤ «ታመሃል ሲሉ ሰማሁ። ልምጣ?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ አንባቢው አንድ የመማሪያ መጽሐፍ እያነበበላት ሳለ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

አትምጪ ይሻለኛል

አየችው። ደግማ አየችው። አንባቢው ንባቡን አቁሞ «ምነው?» አላት። ስልኩን አሳየችው። ኃላፊውም በዚያው ገባ፣ ቀለም የሚያዘጋጀው ሠራተኛም ወረቀት ሊያስፈርም መጥቶ ነበር፤ ሦስቱም ስልኩ ላይ አጎነበሱ።

«ደስ ይበልዎት እንጂ እትዬ» አለ ኃላፊው። «አትልፊ፣ እየተሻለኝ ነው ማለቱ ነው።»

«እንደዚያ ቢሆን ‹እየተሻለኝ ነው› ይላት ነበር» አለ አንባቢው። «ሻይ ወይስ ውሃ ሲሉህ ‹ውሃ ይሻለኛል› ትል የለም? እንደዚያም ይሆናል። ካንቺ መምጣት መቅረትሽ ይሻለኛል።»

«ያ ከሆነ ‹ባትመጪ ይሻለኛል› ነበር የሚለው፤ ሰዋስው አለ እኮ ጋሼ።»

«ይሄንን ልጅ አታውቀውም። ሰዋስው የሚገደው ሰው አይደለም።»

ቀለም አዘጋጁ ጣልቃ ገባ። «ጥያቄም ሊሆን ይችላላ። ‹አትምጪ፤ ይሻለኛል?› እንደ ማለት።» ማንም አልሳቀለትም፤ ወረቀቱን ሳያስፈርም ወጣ።

አንባቢው በዚያ ትልቅ ድምፁ ሁለት ጊዜ አነበበላት። «አትምጪ አራት ነጥብ ይሻለኛል አራት ነጥብ።» ከዚያ፣ «አትምጪ ነጠላ ሰረዝ ይሻለኛል አራት ነጥብ።» በመጀመሪያው ንባብ ወንድሟ ትራስ ተደግፎ ፈገግ ሲል ታያት። በሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሃያ ስድስት ዓመት የማታውቃቸውን ሰዎች ሐሳብ እየገመተች ምልክት ስታስቀምጥ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረችም፤ አሁን ራሷ ያሳደገችው ልጅ የላከላት ሁለት ቃል መሃል ምን እንደሚገባ አላወቀችም።

ኃላፊው ሲወጣ አንባቢው ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ልጄ፣ ጽሑፉን ተዪውና ሂጂ። የማይፈልግሽ ከሆነ በሩ ላይ ይንገርሽ። ከበር መመለስ ሰው አይገድልም።»

እሺ ብላው ነበር። ፈቃድ ጠየቀች፤ ኃላፊው ሳያንገራግር ሰጣት። ቤቷ ገብታ ትንሽ ሻንጣ አዘጋጀች፤ ሁለት ልብስ፣ ፎጣ፣ ለእሱ ሹራብ። ከዚያ ደወለችለት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልክ ነሽ» ብሎ የወጣበትን ቀን አስታወሰች። በእሱ ቦታ ብሆን እኔን እፈልጋለሁ? ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱ እሷን ራሷን አስፈራት። ወረቀት አነሣች፤ ሁለቱን ቃላት ጻፈች፤ መሃላቸው ላይ በቀዩ እስክሪብቶ ነጠላ ሰረዝ አስቀመጠች። የሚያቆስላትን ትርጉም መረጠች፤ የሚገባኝ ይሄ ነው አለች። ሹራቡን አጣጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። ሰኞ ሥራ ገባች። አንባቢው አያትና ረቂቁን ገለጠ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሾፌሩ ፎቁን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፎቁን ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ዐርፏል።»

«ይረፍ» አለች ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «ይረፍ እንጂ፤ ያ መሰላል ጨርሶታል።» ሾፌሩ ከበሩ አልሄድ ሲላት ቀና አለች። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። አንባቢው ተነሥቶ አጠገቧ ቆሟል። ቃሉ ያኔ ነው የገባት።

ስትደርስ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ይኖር የነበረው በአንዲት ልብስ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት፣ በዕድሜ ከእሷ ትንሽ የምታንስ ሴት። የግቢው በር ላይ ታፔላ አለ፤ «ልክዎን እናሳይዎታለን» ይላል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከታፔላው ሥር ቆማ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት፤ ሰፊዋ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ግድግዳውን ይዛ አገኘቻት።

«እርስዎ እህቱ ነዎት» አለቻት። «መልካችሁ አንድ ነው። ያጽናዎት።»

ክፍሉን ከፈተችላት። ንጹሕ ነበር። ብሩሾቹ ታጥበው ጣሳ ውስጥ ቆመዋል፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹ በየመልካቸው ተደርድረዋል። አልጋው ግን ግድግዳውን ትቶ ክፍሉ መሃል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ለማለፍ ጎን ሆና ነው የገባችው።

«አልጋው እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እሱ ነው አዙሪልኝ ያለኝ። መልእክቱን በላክንልዎት ማግስት። ‹የሚገባ የሚወጣውን ልይ› አለ። ስልኩን ደግሞ እኔ ጋ ቻርጅ አድርጌው፣ ማሽኑ ሲጮህ አልሰማሁም መሰለኝ፤ ኋላ ሳየው ደውለው ነበር። ነገርኩት። ‹ደወለች?› አለ፤ ደስ ብሎት ነበር።»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሰፊዋም በርጩማ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«መልእክቱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ። እጁ አይታዘዘውም ነበር። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ‹ምልክት ምናምንስ አላደርግበትም?› አልኩት። ‹ነጥቡን ተይው፤ እሷ ታውቅበታለች› አለኝ።»

አራሚዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሰፊዋ እንድታለቅስ ተወቻት።

«ሲነግርሽ እንዴት ነበር ያለው?» አለች ኋላ። «‹አትምጪ› ብሎ ቆም አለ?»

«ቆም ብሏል።»

«ረጅም ነበር?»

ሰፊዋ ለማስታወስ ሞከረች፤ መዋሸት የምትችል ሴት አልነበረችም። «ቆም ብሏል እትዬ። ግን እኮ በየቃሉ ነበር የሚቆመው። ትንፋሽ አጥሮት ነበር።»

«አንቺስ ምን መሰለሽ? ስትጽፊው ምን ያለ መሰለሽ?»

«እኔማ…» አለች ሰፊዋ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። «እኔማ እንዲመጡለት የፈለገ ነው የመሰለኝ። የታመመ ሰው አትምጪ ሲል ነይ ማለቱ አይደለም እንዴ? እናቴም እንዲህ ነበረች። አትምጪ ባለችኝ ቁጥር እሄድ ነበር።»

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያን ቀን ያን ሁሉ ሲከራከሩ ይህን ያሰበ አልነበረም። ይህ ትርጉም ነጥብ አይፈልግም፤ የፈለጉትን ቢያስቀምጡበት ያው ነው።

ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጠች። ጠዋት መቃብሩ ትሄዳለች፤ ቀን ሰፊዋ እየሰፋች ስለ እሱ ስታወራላት ትሰማለች። መሰላል ላይ ሆኖ ለመንገደኛ ይዘፍን እንደነበር፣ ወጥ ሲያርርበት «አረረ አይባልም፣ ተማረረ ነው» ይል እንደነበር፣ ስለ እህቱ ሲጠየቅ «የእኔ እናት አራሚ ናት» ይል እንደነበር። ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀምጣ ወደ ግቢው ወጣች፤ ሰፊዋም ማሽኑን አቁማ ጠበቀቻት።

ስትመለስ ኃላፊው ደረጃው ሥር ያሉትን ካርቶኖች እያየ፣ «እትዬ፣ ከፈለጉ ደብተሩ እንዳለ፣ ያለ ነጥብ እንደገና እናትመዋለን» አላት። ከልቡ ነበር። «ለማን?» አለችው። ካርቶኖቹንም አላስነሣችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራች። እጇ ቀድሞ ይፈጥን የነበረው ቀርቷል። ሁለት መንገድ የሚሄድ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማት ቀዩን እስክሪብቶ ታስቀምጥና ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ባለቤቱ ይጠየቅ» ብላ ትጽፋለች። ኃላፊው ሥራ ዘገየ ብሎ ያጉረመርማል፤ አንዳንዱ ደራሲም «ይሄማ ግልጽ ነው፣ ምኑ ይጠየቃል?» ብሎ ይነጫነጫል። «ግልጽ ከሆነ ለመንገር አይከብድህም» ትለዋለች። አንባቢው ሁለት ነጥቡን እንደያዘ ጡረታ ወጣ፤ አዲስ አንባቢ አልተቀጠረም፤ ለብቻዋ፣ በለሆሳስ ማንበብ ለመደች።

በየሁለት ወሩ አርብ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ያንን የአንድ ቀን መንገድ ትሄዳለች። ሰፊዋ አንዳንዴ በስልክ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ በዚህ ሳምንት ይቅርብዎት» ብላ ትጽፍላታለች። ሻንጣዋን አንሥታ ትሄዳለች። በሩን ስታንኳኳ ሰፊዋ ማነው ሳትል ትከፍትላታለች፤ ሻንጣውን ተቀብላት፣ «ይግቡ፣ በርዶዎታል» ትላታለች፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይገባሉ።